ቫይረሱ ተሰርዟል፤ ነገ ይመለሳል

ሰኔ ላይ መገናኛ አካባቢ ያለ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ምን እንደሚመስል የየካ ሰው ያውቀዋል። የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የማሟያ ጽሑፉን ሊያሳትም ቆሟል፤ ከኋላው ሲቪ የሚያባዛ ሥራ ፈላጊ፣ ቀጥሎ ለወረዳ የሚገባ ደብዳቤ የያዘ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ጸሐፊ አለ። የሁሉም እጅ ላይ ፍላሽ አለ። ፍላሾቹ ተራ በተራ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካሉ፤ በስክሪኑ ጥግ ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች፦ ቫይረስ ተገኝቷል፣ ተሰርዟል። ታይፒስቷ ሳታነባት ትዘጋታለች። ጠዋትም ዘግታታለች፣ ትናንትም።

ያቺን መስኮት መልመዳችን ያሳስበኛል። አንድ ጊዜ ታይቶ የቀረ ማስጠንቀቂያ ነገሩ ማለቁን ሊነግረን ይችላል። በየዕለቱ፣ ስለዚያው ፋይል፣ ከዚያው ቦታ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ግን ፋይሉን እንደገና የሚፈለፍል ሌላ ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ ተደብቆ መቀመጡን ነው የሚመሰክረው። እኛ ደግሞ ምስክሩን ዝም ማሰኘት ልማድ አድርገነዋል።

ከመገናኛ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ በሚታየው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ለመጠቀችው ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመረጃ መቀበያ ጣቢያ ተተክሏል። ከተራራው ግርጌ፣ ከላምበረት እስከ ሾላ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ሲኤምሲ፣ ዛሬም ብዙ ፋይል በሰው ኪስ ነው የሚጓዘው። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ዳታ ገንዘብ ይበላል፣ ደብዳቤ ደግሞ ታትሞ ፊርማና ማኅተም ካላረፈበት ደብዳቤ አይባልም። ፍላሽ የከተማዋ የፋይል መንገድ ሆኗል፤ ቫይረሱም የሚሄደው ሰው በሚሄድበት መንገድ ነው።

ድሮ ፍላሹ ገና እንደተሰካ ቫይረሱ በራሱ ይነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ባወጣው ማሻሻያ ለቆዩት ዊንዶውሶች ይህን በር ዘጋው። የቫይረስ ጸሐፊዎች ግን ሌላ ዘዴ አላጡም፤ ማሽኑ በራሱ ካልከፈተላቸው ሰውዬው በገዛ እጁ እንዲከፍትላቸው አደረጉ። «ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆኑ» የሚባለው ችግር ይኸው ነው። ቫይረሱ የፍላሹን ፎልደሮች ይደብቃቸውና በየስማቸው ሾርትከት ይተካባቸዋል። ሾርትከቱ ሲነካ የተደበቀው ፎልደር እንደ ወትሮው ይከፈታል፤ ባለቤቱም ምንም አይጠረጥርም። በዚያው ቅጽበት ግን አንዲት አጭር ስክሪፕት ተነስታ ራሷን ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጣለች። ከዚህ ዓይነቶቹ ታዋቂው ጄንክሰስ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የመገናኛ አድራሻዎቹን ሲይዝ፣ እሱና ወንድሙ ብላዳቢንዲ ባለፉት 12 ወራት ብቻ ከ7.4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንደተገኙ ገልጾ ነበር። ሥራቸው ፎልደር በመደበቅ አያበቃም፤ የሚተየበውን ይለቅማሉ፣ የይለፍ ቃል ይሰርቃሉ፣ ኮምፒውተሩን ሩቅ ላለ ሰው ያስረክባሉ።

እዚህ ላይ በየሰፈሩ ስለሚሰጠው መድኃኒት መናገር ግድ ይለኛል፤ «ፎርማት አድርገው» ስለሚለው። የስንት ተማሪ የዓመት ሥራ በዚህ ምክር ጠፍቷል! ፋይሉ እኮ አልጠፋም። እዚያው ፍላሹ ላይ፣ የተደበቀና የሲስተም ፋይል የሚል ምልክት ተለጥፎበት ተቀምጧል። በዊንዶውስ የፎልደር ምርጫ ውስጥ የተደበቁትንና የሲስተም ፋይሎችን አሳይ ማለት፣ ወይም አትሪብ በተባለችው የዊንዶውስ ትእዛዝ ምልክቱን ማንሳት ይበቃል። ጽሑፉ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከወጣ በኋላ ሾርትከቶቹን ማጥፋት ይቻላል። ፎርማት ማድረግ ጽሑፉን ያጠፋና ቫይረሱን ይተዋል፤ ፍላሹን የበከለው ኮምፒውተር አሁንም እየሠራ ነውና የጸዳው ፍላሽ ሲሰካበት መልሶ ይበክለዋል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ስክሪፕቷ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በማይገባበት ጊዜያዊ ፎልደር ወይም በተጠቃሚው የአፕዳታ ፎልደር ትቀመጣለች። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብራ እንድትነሳ በስታርትአፕ ፎልደር ወይም በሬጅስትሪ ስሟን ታስመዘግባለች። ባሰ ሲል በታስክ ስኬጁለር በየጥቂት ደቂቃው የሚደገም ቀጠሮ ትይዛለች። የሚያስኬዳት ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ ስክሪፕት አስነሺ ነው፤ ሕጋዊ ፕሮግራም ስለሆነ አንቲቫይረሱ አይነካውም። አንቲቫይረሱ ፋይሉን ሲሰርዝ፣ በሜሞሪ ላይ እየሠራች ያለችው ቅጂ መሰረዙን አይታ መልሳ ትጽፈዋለች። መስኮቷ ብቅ ትላለች፤ ተሰርዟል ትላለች። ከአፍታ በኋላ እንደገና።

ፈልጎ ለማግኘት የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነገር ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ነው። በስንት ሰዓት መጣ? በየአሥር ደቂቃው ከሆነ የጊዜ ቀጠሮ አለ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ስታርትአፕ ውስጥ ይፈለግ፤ ፍላሽ ሲሰካ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሆኖ የተበከለው ፍላሹ ሊሆን ይችላል። የፋይሉ አድራሻ የት ነው? ከዚያ ኢንተርኔቱን ነቅሎ አውቶራንስ የተባለውን ነጻ የማይክሮሶፍት መሣሪያ መክፈት ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳውን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ያወጣል። አሳታሚው ያልታወቀ፣ ከጊዜያዊ ፎልደር የሚነሳ፣ ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምችት የሆነ ነገር እዚያ ላይ ዓይን ይገባል። መነሻው ሳይነቀል ፋይሉን መሰረዝ ድካም ነው። የዊንዶውስ ዲፌንደር ኦፍላይን ፍተሻም አለ፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ስለሚፈትሽ ቫይረሱ በሜሞሪ ሆኖ ሊከላከል አይችልም። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የይለፍ ቃሎች ከሌላ ንጹሕ ማሽን መቀየር አለባቸው። ይህችን ሰው ሁሉ ይዘላታል፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ግን ቫይረሱ ስለወጣ አይመለስም።

አንዳንዴ የሚፈለገው ነገር ማሽኑ ውስጥ እንኳ የለም። የክሮም አካውንት ጎጂ ኤክስቴንሽንን ከኢንተርኔት መልሶ ያወርዳል፤ ኮምፒውተሩ አዲስ ዊንዶውስ ቢጫንበትም በአካውንቱ ሲገቡ አብሮ ይገባል። «አምስት ቫይረስ ተገኝቷል» እያለ የሚጮኸው መስኮት ደግሞ ብዙ ጊዜ አንቲቫይረስ አይደለም፤ አንድ ቀን ሳይታሰብ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደለት ድረ ገጽ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በራችንን ራሳችን የከፈትንበት ነው። ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስን «አክቲቬት» የሚያደርጉት ክራኮች ሲጫኑ አንቲቫይረሱ ይጥፋ ወይም ይህን ፎልደር አትንካ ይባላል። ያ ፎልደር ለዘላለም ሳይፈተሽ ይቀራል፤ የሚገባ ሁሉ እዚያ ይጠለላል። ባለ ሱቁን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይመስለኝም። በዚህ አገር በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ለአብዛኛው ሰው ለዓመታት የማይታሰብ ነበር፤ ፈቃዱን መግዛት የሚፈልግም መግዣ መንገድ አልነበረውም።

ጉዳዩ የሰፈር ብቻ ነው ለሚል ፕላግኤክስን ላንሳ። ይህ ከቻይና ጋር ይያያዛል የሚባል የሰርጎ ገቦች መሣሪያ በፍላሽ የሚዛመት ዝርያ አለው፤ ፋይሎችን የሚደብቀው ስሙ በዓይን በማይታይ ባዶ ቁምፊ በተጻፈ ፎልደር ውስጥ ነው። ሠሪዎቹ ትተውት ከሄዱ በኋላም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መሄዱን ቀጠለ። ሴኮያ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የተተወውን የመቆጣጠሪያ አድራሻ በ7 ዶላር ገዝቶ ሲያዳምጥ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከ170 በላይ አገሮች 2.5 ሚሊዮን ያህል የኢንተርኔት አድራሻዎች ወደዚያ ሲጣሩ አገኘ። አዛዡ ከሄደ በኋላ ቫይረሱን ያቆየው የእኛው ፍላሽ መቀባበል ነው።

ፕላግኤክስን ይጠቀማል የሚባለው ቡድን ሙስታንግ ፓንዳ ወይም ብሮንዝ ፕሬዚደንት በሚሉ ስሞች ይታወቃል። ይኸው ስም አዲስ አበባ ላይ ተነስቷል። ከአያት ተነስቶ በመገናኛ በኩል የሚያልፈው ባቡር ሜክሲኮ አካባቢ ሲደርስ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ይታያል፤ በዓለም በቃኝ ወህኒ ቤት ቦታ ላይ በቻይና የ200 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው። የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ ሕንጻው ከተከፈተ ጀምሮ ለአምስት ዓመት፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ቢሮዎቹ ባዶ ሳሉ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይፈስ ነበር። ቻይና ዘገባውን አስተባብላለች፤ በወቅቱ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪም ሐሰት ነው ብለዋል። በዘገባው መሠረት ግን ኅብረቱ የራሱን ሰርቨሮች ገዝቶ አሮጌዎቹን ቀይሯል።

ያ ሁሉ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ከጃፓን በመጣ ጥቆማ የኅብረቱ ባለሙያዎች ሌላ ፍሳሽ አገኙ። ሮይተርስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የውስጥ ማስታወሻ ጠቅሶ እንደዘገበው፣ በአንድ ተጨማሪ ሕንጻ ምድር ቤት ባሉ ሰርቨሮች በኩል የደኅንነት ካሜራዎች ቅጂ ይወጣ ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው በብሮንዝ ፕሬዚደንት ላይ ነው። ቻይና ይህንንም አልተቀበለችም። ልብ ሊባል የሚገባው ዝርዝር ይህ ነው፦ በዚህኛው ጊዜ መረጃው የሚወጣው ሌሊት አልነበረም፤ በሥራ ሰዓት፣ ከሠራተኛው ትራፊክ ጋር ተቀላቅሎ፣ በምሳ ሰዓት እየቀነሰ ነበር። የተቀየሩት ሰርቨሮች ሁለተኛውን አላስቀሩትም፤ ያወቀውም የቤቱ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የውጭ ጥቆማ ነው።

ጭራሽ ማስጠንቀቂያ የማይመጣበትም አለ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ በክስ ላይ «ኪዳኔ» በተባለ የተለወጠ ስም ብቻ እንደገለጸው፣ በኢሜይል በደረሰው የዎርድ ሰነድ በኩል ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013 የስካይፕ ንግግሮቹን ሲቀዳ ቆይቷል፤ የሚታዘዘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ያንን ሰርቨር ይፋ ካደረገ ከቀናት በኋላ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ሊወገድ ተሞከረ፤ ነገር ግን ዱካው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ማስረጃ የሆነውም የቀረው ዱካ ነው። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በሚል ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። የአንድ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ለወራት ተሰልሎ፣ ዱካው ተገኝቶ፣ ጉዳዩ ሳይዳኝ መዘጋቱ እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል።

ወደ የካ ስመለስ፣ የምጠይቀው የቤት ኮምፒውተር ባለቤቱን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከትኋን ጋር የታገለ ሰው፣ ጎረቤቱ ካላጸዳ የሱ ክፍል ማጽዳት ከንቱ መሆኑን ያውቃል፤ የፍላሽ ቫይረስም እንዲሁ ነው። ኮፒ ቤቱ፣ የወረዳው መዝገብ ቤት፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል አብረው ካልጸዱ ሁሉም እርስ በርስ ሲበካከሉ ይኖራሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም አውቆ የሚያሰራጭን ይቀጣል፤ ሳያውቅ የሚያሰራጨውን ቢሮ የሚረዳው ግን ከሕግ ይልቅ ቴክኒሻን ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ቡድን አለው። ያ ቡድን በየወረዳው ደርሶ ኮምፒውተሮቹን ቢፈትሽ፣ የሚዘዋወሩትንም ቫይረሶች በአማርኛና በኦሮምኛ ቢያሳውቅ ትልቅ ሥራ ይሆን ነበር።

ከፍላሽ ይልቅ ፋይሉን ለኮፒ ቤቱ በቴሌግራም መላክ አሁን እየተለመደ ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የራስን ቴሌግራም ከፍቶ ሳይዘጉ መሄድ ከፍላሽ ቫይረስ የባሰ ነው፤ ከስልኩ ሴቲንግ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብቶ የቀረውን ማስወጣት ያሻል። ባለ ሱቆችም ለደንበኛ ፍላሽ ብቻ የሚሆን አንድ ኮምፒውተር ለይተው፣ ሥራቸውን፣ ሒሳባቸውንና የግል አካውንቶቻቸውን ከሱ ማራቅ ይችላሉ።

የመንግሥት ቢሮዎችን ይጠብቅ የነበረ ቀን ደግሞ አልፏል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ጥገና መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ሲሆን፣ ለዊንዶውስ 10 መደበኛው ጥገና ያበቃው ጥቅምት 14 ቀን 2025 ነው። ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር የማይስማሙ አሮጌ ማሽኖች ያሉት መሥሪያ ቤት በዚህ ዓመት በጀቱ ውስጥ ወይ አዲስ ማሽን፣ ወይ የተራዘመ ጥገና ክፍያ፣ ወይ ወደ ሊኑክስ መሸጋገርን መያዝ አለበት፤ ግዢው በሚጻፍበት ወረቀት ላይም የዊንዶውሱ ፈቃድ ዋጋ ከኮምፒውተሩ ዋጋ ጎን ራሱን ችሎ መስፈር ይኖርበታል።