ጠንካራ ካርታና የማያርፍ ተጋጣሚ

በፖከር ጠንካራ ካርታ መያዝ ብቻውን ብዙ ገንዘብ አያስገኝም። ተጋጣሚው ካርታውን ጥሎ ከወጣ የሚገኘው ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ የተከማቸው ብቻ ነው። ስለዚህ አጨዋወቱን የሚወስነው ከካርታው ይልቅ የተጋጣሚው ጠባይ ነው። በየዙሩ የሚያስይዝ፣ ሲያስይዙበት የሚጨምር፣ ባዶ እጁን እንኳ የሚያስፈራራ ተጫዋች ሲገጥም ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱን እንዲከፍል መተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድር ፍጻሜ ላይ ጆኒ ቻን እና ኤሪክ ሳይዴል ብቻ ቀርተው ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ቻን ጃክና 9 ያዘ። መጀመሪያ ለሁለቱም በጋራ የተገለጡት ሦስት ካርታዎች ኩዊን፣ 10 እና 8 ስለነበሩ ከ8 እስከ ኩዊን ተከታታይ አምስት ሞላለት፤ በዚያ ሰዓት ይህን የሚበልጥ ካርታ ሊኖር አይችልም። ሳይዴል ኩዊንና 7 ይዞ ጥንድ ኩዊን አገኘ። ሳይዴል ሲጨምርበት ቻን መልሶ አልጨመረም፤ እኩል ከፍሎ ዝም አለ። በአራተኛው ካርታ ሁለቱም ሳያስይዙ አለፉ። አምስተኛው ሲወጣ ሳይዴል ያለውን ሁሉ አስያዘ። ቻን ተቀበለ፤ ዋንጫውንም ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ወሰደ።

የዝምታው ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። ጠረጴዛው ላይ 100 ብር አለ እንበል፤ ተጋጣሚው 50 ያስይዛል፤ ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ባዶ እጁን ነው። ወዲያው ከተጨመረበት በእነዚያ ስድስቱ ጥሎ ይሄዳል፤ ከ50ው ሌላ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። እኩል ከተከፈለው ግን ጠረጴዛው 200 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ካርታም ማስፈራራቱን ለመቀጠል ከዚያ የበለጠ ማውጣት ይኖርበታል።

ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ከተገለጡት ሦስት ካርታዎች ሁለቱ ባለ አንድ ምልክት ከሆኑና ተጋጣሚውም በእጁ የዚያኑ ምልክት ሁለት ካርታ ከያዘ፣ የዚያን ምልክት አምስተኛ ካርታ የማግኘት ዕድሉ በቀጣዩ ካርታ 19 በመቶ፣ በቀሩት ሁለት ካርታዎች ደግሞ 35 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ካርታ በነፃ ማሳየት ከባድ ጥፋት ነው፤ ማስከፈል ይገባል። ሦስተኛ ተጫዋች ካለም አደጋው ይጨምራል። ሌላም ልዩነት አለ፤ አንዳንዱ ደፋር ሲጨመርበት ይሸሻል፣ አንዳንዱ ግን እልህ ይዞት ይከፍላል። ለእልኸኛው ዝምታ ትርፍ አያመጣም፤ ገና ከመጀመሪያው መጨመር ነው የሚያዋጣው።

በመጨረሻው ዙር የሚፈራ ካርታ ስለማይቀር ጉዳዩን የሚወስነው የመናገር ተራ ነው። ቀድሞ የሚናገር ሰው አልፎ ተጋጣሚው እንዲያስይዝ መጠበቅ ይችላል፤ ተጋጣሚውም ካለፈ ግን ሊያገኘው የሚችለው ገንዘብ ያመልጠዋል። ኋላ የሚናገርና የማይበለጥ ካርታ የያዘ ሰው እኩል ብቻ የሚከፍልበት ምክንያት የለም፤ ይጨምራል።