ከእራት የሚጀምር ዕቅድ

ደንበኛ ደውሎ «እስቲ ተራራ አካባቢ ጸጥ ያለ ሆቴል ፈልጊልኝ» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «እራት የት ልትበሉ አስባችኋል?» የሚል ነው። ብዙዎቹ ይስቃሉ። ስለ መዋኛ ገንዳው ወይም ስለ መስኮቱ እይታ እጠይቃለሁ ብለው ሲጠብቁ ስለ ሆድ ሳነሣ ይገርማቸዋል። ከተማ ውስጥ ያደረ ሰው ቢርበው ወጣ ብሎ ያገኘው ምግብ ቤት ይገባል። ገጠር ሆቴል ያደረ ሰው ግን ከመሸ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ቤቱ ያበላዋል፣ ወይ በጨለማ ጠመዝማዛ መንገድ ይነዳል። ስለዚህ የኔ ዕቅድ ከእራት ይነሣና ወደ ምሳው፣ ወደ መንገዱ፣ በመጨረሻም ወደ ክፍሉ ይሄዳል።

ጉዞ ማሰናዳት እንጀራዬ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አውሮፓ የሚኖሩ ሐበሾች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ እናት አባት ሲመጡላቸው፣ ወይም ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው ከከተማ ወጣ ብለው መተንፈስ የሚፈልጉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፖርቱጋልን የሚጠይቅ በዝቷል፤ ከፖርቱጋልም ለይተው ኮቪልያ የሚሉኝ አሉ።

ኮቪልያ ከሊዝበን በስተሰሜን ምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሴራ ዳ ኢሽትሬላ በሚባለው ተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት። የሱፍ ከተማ ነበረች፤ ከተራራው የሚወርዱት ሁለት ጅረቶች ፋብሪካዎቿን ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1764 ማርኬሽ ደ ፖምባል ያቋቋመው የንጉሡ የጨርቅ ፋብሪካ ዛሬ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ውስጡም የሱፍ ሙዚየም አለ። ሱፉ ይቀለምባቸው የነበሩት ክብ የድንጋይ ጉድጓዶች እንደነበሩ አሉ። ጎንበስ ብሎ ላያቸው ሰው የሠራተኛው ወገብ እንዴት ይታመም እንደነበር ለመገመት አያዳግትም።

የኛ ሰው ግን ኮቪልያን የሚፈልገው ለሱፏ አይደለም። የዚህች ከተማ ልጅ የነበረው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ1487 በንጉሥ ዡዋው ሁለተኛ ተልኮ ቄስ ዮሐንስ የሚባለውን የተረት ክርስቲያን ንጉሥ አገር ሊፈልግ ወጣ፤ ዞሮ ዞሮ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። መግባት እንጂ መውጣት አልተፈቀደለትም። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1520 ከፖርቱጋል የመጡት መልእክተኞች ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ ያገኙት አርጅቶ ነበር። ሐውልቱ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ቆሟል። ታሪክ የሚወዱ አባቶች ፎቶ ሳይነሡ አይሄዱም፤ እኔም ጉብኝቱን ከዕቅዱ አላስቀረውም። የሚፈጀው ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ለግማሽ ሰዓት ሐውልት ብሎ ሦስት ሌሊት የሚከፍል ሰው ሌሊቶቹን በደንብ ማሰብ አለበት።

ወደ ማደሪያው ልመለስ። የፖርቱጋል ሕግ የገጠር ማረፊያን በሦስት ይከፍለዋል። ካዛ ደ ካምፖ የሚሉት የገጠር ቤት ነው። አግሮቱሪዝም የሚሉት ደግሞ እርሻው ሥራ ላይ ያለ ማረፊያ ሲሆን እንግዳው ከፈለገ ሥራውን ያያል፣ ይሳተፋል። ሦስተኛው ሆቴል ሩራል፣ የገጠር ሆቴል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ15 ክፍል አይበልጡም። ስሙ ለማስታወቂያ ይመስላል እንጂ ለእራት ጉዳይ ወሳኝ ነው። ሆቴል ሩራል ማታም ሰው የማይጠፋበት መቀበያ ይኖረዋል፣ ብዙ ጊዜም ምግብ ቤት አለው። ካዛ ደ ካምፖ ግን ባለቤቲቱ ቁልፉን ሰጥታ፣ ቁርሱን ለጠዋት አሰናድታ ወደ ቤቷ የምትሄድበት ሊሆን ይችላል። ወጥ ቤት ካለው፣ ልጆች ይዘው ለሚሄዱ ይኸኛው ይሻላል ባይ ነኝ። አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ግን ሌሊት የሚጠራው ሰው ያለበትን ቤት እመርጥለታለሁ።

«ከኮቪልያ 10 ኪሎ ሜትር» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ካርታ እከፍታለሁ። አንዱ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ነው፤ ኮቫ ዳ ቤይራ ወደሚባለው ሸለቆ፣ የቼሪ እርሻ ወደሞላበት ሜዳ፣ መንገዱ የማያስቸግር። ሌላው 10 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ነው፤ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ፔንያሽ ዳ ሳውዴ፣ ኩርባው የማያልቅ። ያ መንገድ በረዶ ሲበዛ ይዘጋል፤ ለጎማ ሰንሰለት የሚያስፈልግበትም ቀን አለ። ማንቴይጋሽ የምትባለው ውብ ከተማ ደግሞ በካርታ ላይ ለኮቪልያ ጎረቤት ትመስላለች። ነገር ግን በመካከላቸው ተራራው አለ። የላይኛው መንገድ ከተዘጋ ወርዶ በቤልሞንቴ በኩል መዞር ነው። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትቼ ሰዓቱን ነው የምጽፍላቸው፤ ያውም በቀን ብርሃን ያለውን ሰዓት።

ብርዱ ሌላ ክርክር ነው። ተራራው ከኛ አገር ሰው ፊት ሲቀርብ ትንሽ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ቶሬ 1,993 ሜትር ነው፤ 2,000 እንዲሞላ ብለው ላዩ ላይ የ7 ሜትር የድንጋይ ማማ ሠርተውበታል። በአንድ ወቅት የካቲት ላይ ከልጃቸው ጋር ሊሄዱ የተነሡ እናት ወፍራም ካፖርት ይያዙ ብላቸው በስልክ ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ እኔኮ እንጦጦ ሥር ነው ያደግሁት። ይኼ ተራራችሁ አዲስ አበባንም አያህል!»

«እውነት ነው እማማ፣ አያህልም። ግን እዚያ በረዶ ይጋገራል። ሰዎቹ በሸርተቴ የሚንሸራተቱበት ነው።»

«እኔ አልንሸራተት፣ ምን አገባኝ!»

ከፍታ ብቻውን ብርድን አይወስንም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ኮቪልያ 40 ላይ። ክረምቱ ክረምት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የድሮው የገጠር ቤት ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ በነሐሴ ቀዝቃዛነቱ የሚመሰገን፣ በጥር ግን ብርዱን ይዞ የሚያድር። ማስታወቂያው ላይ እሳት የሚንቦገቦግበት ምድጃ ይታያል። ምድጃው ያለው ሳሎን ውስጥ ነው፤ የሚተኛው ደግሞ መኝታ ክፍል ውስጥ። ባለቤቶቹን ስጠይቅ የማልዘላቸው ጥያቄዎች አሉ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የራሱ ማሞቂያ አለ ወይ? ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይስ በሰዓት ይጠፋል? እንጨቱ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል? መታጠቢያ ቤቱስ ይሞቃል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ስጠይቅ ዝም የሚል ባለቤት ካጋጠመኝ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እራቱ። የዚያ አገር ሰው ምሳ ከ12:30 በኋላ፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 7:30 በኋላ ይበላል (በነሱ ሰዓት ማለቴ ነው)። ትናንሽ ከተሞች ውስጥ እሑድ ማታና ሰኞ የሚዘጋ ምግብ ቤት ብዙ ነው። የኛ ሰው ቅዳሜ ገብቶ ማክሰኞ መውጣት ስለሚወድ ሁለቱም ምሽቶች እዚያው ላይ ያርፋሉ። ስሙን የማልጠራው አንድ ማረፊያ እራት በየቀኑ እንዳለ በጽሑፍ አረጋግጦልኝ፣ ቤተሰቡ እሑድ ማታ ሲደርስ ወጥ ቤቱን ዘግቶ ጠበቃቸው። ሕፃናቱ ብስኩት በልተው አደሩ። ጠዋት አባትየው የቅሬታ መዝገቡን እንዲጠይቅ ነገርኩት። በፖርቱጋል ማንኛውም ማረፊያና ምግብ ቤት ይህን መዝገብ የመያዝና ሲጠየቅ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በኢንተርኔት የሚሞላም አለው። መዝገቡ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ የአንድ ሌሊት ሒሳብ ተመለሰላቸው።

ጾም ያለበት ቤተሰብ ሲሆን ሥራዬ በእጥፍ ይጨምራል። የአካባቢው መለያ የበግ ወተት አይብ ነው። የሚሠራው በብርድ ወራት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲሆን ወተቱን የሚያረጉት በእሾሃማ ተክል አበባ ነው። ከላይ ያለው ቅርፊት እንደ ክዳን ተቆርጦ ይነሣና መሐሉ በማንኪያ ይወጣል። የኛ ሁዳዴ ደግሞ የሚውለው በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ውስጥ ነው። አይብ የሚወድ ሰው በጾም ከሄደ ማየት እንጂ መቅመስ የለም። ቁርሱ ላይ የሚቀርበውም አይብ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ነው። «አትክልት ብቻ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ የጎመን ሾርባቸው ላይ የቋሊማ ቁራጭ ጣል ይደረግበታል። ይህ ሙስሊም ደንበኞቼንም ይመለከታል። ስለዚህ በፖርቱጋልኛ የተጻፈ ወረቀት አስይዛቸዋለሁ፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አንበላም፣ የወይራ ዘይት እንበላለን፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ድንችና ዳቦ ይበቃናል የሚል። ባለቤቶቹ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ከተነገራቸው ደስ ብሏቸው ይሠራሉ። ማታውን ከተነገራቸው ሰላጣ ይቀርባል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ምግብ ቤት ስትቀመጡ ሳታዙ የሚመጣው ዳቦ፣ ወይራና አይብ ነፃ አይደለም። ካልነካችሁት ግን ማስከፈል አይችሉም፤ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው።

መኪና ለሌለው ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ ከተማው ውስጥ እደሩ። ባቡር ከሊዝበን ኮቪልያ ድረስ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ጉዞውም የቴዦን ወንዝ ተከትሎ ስለሆነ ያምራል። ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ከኮቪልያ እስከ ጉዋርዳ ያለው ሐዲድም በ2021 ተከፍቷል። ከጣቢያው ወደ ገጠሩ ግን በታክሲ መመላለስ ኪስ ያራግፋል። መኪና ለሚከራይ ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ፤ ወደ ኮቪልያ የሚወስደው ኤ23 አውራ ጎዳና ላይ ይከፈል የነበረው ክፍያ ከጥር 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁንም የኤሌክትሮኒክ መክፈያ ካልገዛችሁ ትቀጣላችሁ የሚል የድሮ ምክር ይዘው የሚደውሉልኝ አሉ።

ቀኖቹን ማጨናነቅ አልወድም። አንድ ቀን ለከተማዋ፤ ሰኞ ግን አይሁን፣ አብዛኛው ሙዚየም ዝግ ነው። አንድ ቀን ለተራራው፣ አየሩ ሲጠራ። አንድ ቀን ለቤልሞንቴ። ይህች ትንሽ ከተማ ብራዚል የደረሰው መርከበኛ ፔድሮ አልቫሬሽ ካብራል የተወለደባት ናት። ከዚያ በላይ የምትታወቀው ግን በ1497 በግድ ክርስትና ከተነሡት አይሁድ መካከል እምነታቸውን በቤታቸው ደብቀው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ያቆዩ ቤተሰቦች ስላሉባት ነው። በ1996 ምኩራባቸው በይፋ ተከፈተ። ከእስራኤል የሚመጡ የኛ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ከአስጎብኚው ይልቅ ጥያቄ የሚያበዙት እነሱ ናቸው፤ ለነሱ ግማሽ ቀን አይበቃም። ከሁሉም የማስቀድመው ግን ምንም ያልተጻፈበትን ቀን ነው። ገጠር ሄዶ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የሚውል ሰው ለምን ገጠር እንደከፈለ አይገባኝም።

ስለ ፎቶም ልናገር። በነሐሴ 2022 በዚህ ተራራ የተነሣው ቃጠሎ ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ በላ። ማስታወቂያዎቹ ላይ የሚታየው ጥድ ዛሬ የሌለበት ሸንተረር አለ፤ ተራራው ደግሞ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። ይህን ሰምቶ የሚቀር ደንበኛ የለኝም፤ ሳይሰማ ሄዶ የሚቆጣ ግን አለ። ባለቤቱን «ፎቶው መቼ ነው የተነሣው?» ማለት ነውር አይደለም።

ቪዛ ለሚያስፈልጋቸው እንግዶች፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ብቻ ያዙ፤ ውሳኔው ሳይታወቅ የማይመለስ ገንዘብ መክፈል ሞኝነት ነው። ሲገቡም ፓስፖርት ሲጠየቁ አይደንግጡ፤ ማረፊያው የውጭ ዜጋ እንግዳን ለመንግሥት ማስታወቅ ግዴታው ነው።

ወሩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ለኔ የሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሸለቆው በቼሪ አበባ የሚነጣበት፣ ከሁሉም ይበልጣል፤ ፍሬውን የሚሻ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ይሂድ። ለአበባው የሚሄድ ሰው ከጥር በፊት ክፍል ይያዝ፤ የሸለቆው ማረፊያዎች ጥቂት ክፍል ያላቸው ናቸው፣ ፖርቱጋሎቹም አበባውን ይወዱታል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ደውሉና የምታድሩባቸውን ቀናት በስማቸው እየጠራችሁ፣ በእያንዳንዱ ማታ እራት መኖሩን ጠይቁ።