የወለጋ የገበያ መንገድ እና የእስልምና ታሪክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስልምና በጅማና በሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት የገዥዎች ሃይማኖት ነበር። በወለጋ የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። የነቀምቱ ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ክርስትናን ተቀብለው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል። ስለዚህ በዚህ ምድር የእስልምናን ዱካ የሚሻ ተመራማሪ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ገበያን መከተል ይኖርበታል።

መንገዱ ዙሪያ ገጠም ነው። ከነቀምት ተነሥቶ የዴዴሳን ሸለቆ ተሻግሮ ጊምቢ ይደርሳል፤ በነጆና በመንዲ አልፎ ወደ ቤኒሻንጉል ይዘልቃል። ከዚያም በቤጊና በጊዳሚ በኩል ወደ ቄለም ወርዶ ደምቢ ዶሎ ይገባል፤ ከደምቢ ዶሎም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በጊምቢ በኩል ነቀምት ይመለሳል። በዚህ መስመር ጀበርቲዎች፣ ከሱዳን ደግሞ ጀላባዎች ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ጨርቅ ይዘው ይመላለሱ ነበር። ነጋዴ ባደረበት ሶላት ይሰገዳል፤ ነጋዴ በሰፈረበትም ልጆቹን የሚያስቀራ መምህር ይፈለጋል።

እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ካገኙ በኋላ የቄለም ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ካርቱም ይጫን ጀመር። መርከቦቹ የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ሲሆን፣ የየብሱ ጉዞ ግን በበጋ ይቀና ነበር። ሱረቱ ቁረይሽ የምታነሣቸውን ሁለት የንግድ ጉዞዎች የሚያስተምር ኡስታዝ ለደረሳው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያገኝም።

ከነጋዴው ጋር ዓሊምም ተጉዟል። ከቦርኑ የመጡት አል ፋኪ አሕመድ ዑመር የቲጃኒያን ጦሪቃ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካስፋፉት መካከል ግንባር ቀደም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 አርፈው በምዕራብ ወለጋ ጠረፍ በያአ ተቀብረዋል፤ ከጅማ ምድር ሳይቀር ዘያሪዎች ወደ ስፍራው ይጓዛሉ።

የቤተ መንግሥት ታሪክ በጽሑፍና በሕንፃ ይጠበቃል፤ የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ዛሬም በነቀምት ቆሞ ይታያል። የገበያ ታሪክ ግን በሽማግሌዎች ልብ ያለ አማና ነው፤ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በየከተማው ያለ ኢማም የመስጊዱን መሬት ማን እንደሰጠ፣ የመጀመሪያውን ጁሙዓ ማን እንዳሰገደ፣ መምህሩ ኢጃዛውን ከማን እንደተቀበለ ጠይቆ ቢመዘግብ፣ ለዚህ ታሪክ ከማንም የበለጠ አገልግሎት ይሰጣል።