ተጨማሪ መረጃ፦ የመቱው «ካርል» ማን ናቸው?
በባዕድ አገር ስለ መኖርና መሥራት ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው ከአገር ወደሚወጡት ይሄዳል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለችው ኢሉባቦር ግን የመጡትንም ታውቃለች። ቡናው በበቅሎ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን በሚጫንበት ዘመን፣ የኢሉባቦሯ ጎሬ ከተማ የግሪክ ነጋዴዎችና የእንግሊዝ ቆንስላ መኖሪያ ነበረች።

ከሁሉም ይልቅ ሊታወሱ የሚገባቸው ተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም ናቸው። «ሲሲ» በተባሉት ፊልሞች በአውሮፓ የታወቁት በም፣ ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራቡት አፍሪካውያን አንዳንድ ማርክ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። እንዳሉትም ሆነ፤ ቢሆንም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በ1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሥራው ሐረርጌ ውስጥ በኤረር ሸለቆ ተጀምሮ ኋላ ኢሉባቦር ደረሰ።

ገንዘቡን ልከው መቅረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ትወናውን ትተው ቀሪ የሥራ ዘመናቸውን ለኢትዮጵያ ሰጡ፤ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ አልማዝ ተሾመ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ የኢትዮጵያ የክብር ዜግነትም ተሰጣቸው። ያረፉት በ2006 ዓ.ም. ነው። በኢሉባቦር የሚገኘው የመቱ ካርል ሆስፒታል የተሰየመው በእሳቸው ስም ነው።