ቀለሙ ለምን ተሳሳተ?

በቤተ ሙከራ የተመዘገበ ልኬት ሲበዛ፣ ከሚጠበቀው ክልል የወጣውን በዓይን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። «ኤክሴል» ከ97 እትሙ ጀምሮ የያዘው «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ»፣ ማለትም የተሰጠውን ሁኔታ የሚያሟላውን ሴል በራሱ ቀለም የሚቀባው ዘዴ፣ ለዚህ ይረዳል። ይሁንና ቀመሩ ሲሳሳት ፕሮግራሙ አያስጠነቅቅም፤ ሌላ ቦታ ይቀባል እንጂ።

1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም እንውሰድ። ዓምድ «ኤ» የሙከራውን ተራ ቁጥር፣ «ቢ» ርዝመቱን፣ «ሲ» የ10 ውዝዋዜ ጊዜን በሰከንድ ይይዛሉ፤ ልኬቶቹ ከረድፍ 2 እስከ 31 ተጽፈዋል። የሚጠበቀው ጊዜ 20.1 ሰከንድ ገደማ ነው። በቆጠራ ስሕተት 11 ውዝዋዜ የለካ ተማሪ 22.1 ይመዘግባል፤ ከዚህ የሚሰላው የስበት ፍጥንጥነትም 9.77 መሆኑ ቀርቶ 8.08 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል። ስለዚህ ጊዜው ከ20.5 የበለጠበት ረድፍ በሙሉ ቀይ እንዲሆን እንፈልጋለን።

ከ«ኤ2» ጀምረን ሦስቱን ዓምዶች መርጠን «=ሲ2>20.5» ብንጽፍ (በኪቦርዱ ላይ ፊደሎቹ የላቲን ናቸው) ቀይ የሚሆነው ዓምድ «ኤ» ብቻ ነው። ቀመሩ የሚነበበው ምርጫውን ከጀመርንበት ሴል አንጻር ነውና፣ ወደ «ቢ2» ስንሻገር እርሱም ባዶ ወደሆነው «ዲ2» ይሻገራል። ከታች ወደ ላይ የመረጠ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይደናገራል። መፍትሔው «=$ሲ2>20.5» ነው፤ የዶላር ምልክቱ ዓምዱን ያጸናዋል፣ ረድፉን ግን ነጻ ይተወዋል።

የከፋው ስሕተት በ«2» ፈንታ «1» መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ቀለሙ ሁሉ አንድ ረድፍ ዝቅ ይላል፤ ተማሪው ደኅናውን ልኬት ሰርዞ 22.1ን ያስቀራል። ምልክቱ ረድፍ 2 ዘወትር ቀይ መሆኑ ነው፤ በ«ሲ1» ያለው ርእስ ጽሑፍ ነውና፣ «ኤክሴል» ደግሞ በንጽጽር ጊዜ ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር አስበልጦ ይቆጥራል። በዚሁ ምክንያት እንደ ጽሑፍ የገባ 20.1ም ይቀላል፤ በሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ተጠግቶ መታየቱ ያጋልጠዋል። «ከ19.5 ያነሰ» የሚል ደንብ ካወጣን ደግሞ ባዶ ሴሎች እንደ ዜሮ ተቆጥረው ይቀላሉ።

እኛ የምንመርጠው ምርመራ ቀላል ነው። ቀመሩን በ«ኤፍ2» ጽፈን እስከ ረድፍ 31 ድረስ ወደ ታች እንገለብጠዋለን፤ በየረድፉ «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እናያለን። ቃሉ ትክክል ሆኖ ቀለሙ ከተሳሳተ፣ ጥፋቱ ያለው ደንቡ በተሰጠው የሴሎች ክልል ወይም ከበላዩ በተቀመጠ ሌላ ደንብ ላይ ነው።