የአርሶ አደሩ ዲጂታል ረዳት ማንን ጠይቆ ይመልስ?

በ2002 ዓ.ም ክረምትና በ2003 ዓ.ም መግቢያ የተከሰተው ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በርካታ አርሶ አደሮች ፊታቸውን ያዞሩት ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለለት ዲገሉ ነበር። ዝርያው በአጭር ጊዜ ሰፊ መሬት ሸፈነ። በ2006 ዓ.ም ግን በአርሲና በባሌ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ ያንኑ ዲገሉን መታው። አንድ ዓመት “ይቋቋማል” የተባለ ዝርያ በሌላው ዓመት ማሳው ላይ እንዳለ ቀረ።

አሁን አንድ አርሶ አደር በእጅ ስልኩ ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት “ዋግ የሚቋቋም የስንዴ ዘር ንገረኝ” ብሎ ጠየቀ እንበል። ረዳቱ የሚያውቀው እስከ አንድ የተወሰነ ቀን ድረስ ከተሰበሰበ ጽሑፍ የተማረውን ነው። ከተማረባቸው ጽሑፎች መካከል ከ2006 ዓ.ም በፊት ዲገሉን የሚያወድሱ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በጥሩ አማርኛ፣ ያለ ምንም ማመንታት፣ የተሸነፈውን ዝርያ ሊመክር ይችላል። የሚያሳስበውም ይኸው አለማመንታቱ ነው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያልተረዳውን ነገር “ጠይቄ ልምጣ” ይላል፣ ረዳቱ ግን ካልታዘዘ በስተቀር እንዲህ አይልም።

መፍትሔው ረዳቱን ከውጭ የመረጃ ምንጮች ጋር ማገናኘት ነው። ባለሙያዎች እነዚህን ምንጮች “መሣሪያዎች” ይሏቸዋል፤ ሞፈርና ቀንበር ማለታቸው ግን አይደለም። የዝርያዎች መዝገብ፣ የአየር ትንበያ፣ የአፈር ካርታ፣ የገበያ ዋጋ ሰሌዳ፣ የሒሳብ ማስያ እያንዳንዳቸው አንድ መሣሪያ ናቸው። ረዳቱ ጥያቄውን ሲሰማ ከእነዚህ አንዱን ይመርጣል፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰብሉን ሞልቶ ይልካል፤ የተመለሰለትን ውጤት አንብቦ ለአርሶ አደሩ በቋንቋው ይነግራል።

ይህ ከለመድነው አሠራር የሚለይበት ነጥብ አለ። በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር ላይ ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ የሚፈልገውን ርዕስ ራሱ ይመርጣል። ቢሳሳት ወዲያው ያውቃል፤ ስለ ጤፍ ጠይቆ ስለ ገብስ ከሰማ ዘግቶ እንደገና ይደውላል። በአዲሱ ረዳት ምርጫው የማሽኑ ነው፤ አርሶ አደሩ ከየትኛው ምንጭ እንደተመለሰለት አያይም። በመሆኑም ምርጫው በዘፈቀደ እንዳይሆን አስቀድሞ በጽሑፍ መመሪያ ሊሰጠው ይገባል።

መመሪያው በተራ ቋንቋ የሚጻፍ ነው። ለምሳሌ “ስለ ዝርያና ስለ በሽታ ስትጠየቅ ከማስታወስ አትመልስ፤ መጀመሪያ የዝርያ መዝገቡን ተመልከት፤ መዝገቡ ካልተከፈተልህ አልተከፈተልኝም በል እንጂ አትገምት” ሊል ይችላል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መገለጽ አለበት። “ስለ አየር ሁኔታ መረጃ ይሰጣል” የሚል መግለጫ በቂ አይደለም። የክረምቱን አጠቃላይ አዝማሚያ የሚናገረው ትንበያና የነገውን ዝናብ የሚናገረው ትንበያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነገ ጸረ ተባይ ልርጭ ወይስ ልቆይ ብሎ ለጠየቀ ሰው “በዘንድሮው ክረምት መደበኛ ዝናብ ይጠበቃል” ብሎ መመለስ ኬሚካሉን በዝናብ እንዲያሳጥብ መምከር ነው።

በተለይ የእኛን አገር ረዳት የሚያሳስቱ ነገሮች ከአቆጣጠራችን ይመነጫሉ። አብዛኞቹ የትንበያ አገልግሎቶች የሚሠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አርሶ አደሩ “ሰኔ 1” ሲል ረዳቱ ጁን 1 ብሎ ከሞላ ሰባት ቀን ወደ ኋላ ሄዷል፤ ትክክለኛው ጁን 8 ነው። “ከጠዋቱ 2 ሰዓት” የተባለውንም ሳይለውጥ ከላከው የሌሊቱን አየር ይዞ ይመለሳል። ባለሙያው እነዚህን በመመሪያው ካላሰፈረ ስሕተቱ ከውጭ አይታይም፤ መልሱ ቁጥር ስላለው እንዲያውም የበለጠ የሚታመን ይመስላል።

ከሁሉ የሚከፋው የመሬት መለኪያው ነው። በብዙ አካባቢ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይሰላል። ምክረ ሐሳቡ በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ነው እንበል። ሦስት ጥማድ ያለው አርሶ አደር የሚያስፈልገው 75 ኪሎ ግራም ነው። ረዳቱ ጥማድን ሄክታር አድርጎ ቢወስደው 300 ኪሎ ግራም ይላል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። በማዳበሪያው የአሁን ዋጋ ይህ የቤተሰብን ዓመት የሚያናጋ ስሕተት ነው። ስለዚህ መመሪያው ሁለት ነገር ማዘዝ አለበት፦ ልኬቱን መጀመሪያ ከአርሶ አደሩ ጋር አረጋግጥ፤ ስሌቱን ደግሞ በራስህ አትሥራ፣ ለማስያው ስጠው። እነዚህ ረዳቶች ቃላት በማቀናበር ጎበዞች ቢሆኑም በሒሳብ የሚንሸራተቱበት ጊዜ አለ።

መሣሪያ ከመጥራት በፊት መጠየቅ የሚገባባቸው ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቀበሌዎች በመኖራቸው ወረዳውንና ዞኑን ሳይጠይቁ ትንበያ መፈለግ ከንቱ ነው። በአንድ ወረዳ ደጋም ቆላም ይገኛል፤ የወረዳው ከተማ ትንበያ ለሁሉም አይሆንም። “ተምች” የሚለው ስምም ከጥንት የምናውቀውን ተምችና በ2009 ዓ.ም ወደ አገራችን የገባውን የበቆሎ መጤ ተምች ሊያመለክት ይችላል፤ የሁለቱ መከላከያ አንድ አይደለም። አሲዳማ አፈር ላለበት የጎጃም አርሶ አደርም ምን ያህል ኖራ እንደሚጨምር ከመናገር በፊት የአፈር ምርመራ ውጤት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ካርታው የአካባቢውን እንጂ የዚያን ሰው ማሳ ሁሌም አያሳይም።

የገበያ ዋጋ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ረዳቱ ዋጋውን ከነቀኑ ይንገር፣ ሰሊጥ በምርት ገበያ እንደሚገበያይና ጤፍ በአብዛኛው በአካባቢ ገበያ እንደሚሸጥም ይወቅ። የጸረ ተባይ ኬሚካልን በተመለከተ ግን ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። በሌላ አገር የተፈቀደ ኬሚካል እዚህ የተመዘገበ ላይሆን ይችላል። ረዳቱ በአገራችን ከተመዘገቡት ውጭ ስም እንዳይጠራ፣ መጠኑንም ከማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እንዳያልፍ መታዘዝ አለበት።

ሌላው መለያ መሥመር በማንበብና በማድረግ መካከል ያለው ነው። ትንበያ ማየት ማንንም አይጎዳም። የማዳበሪያ ፍላጎት መመዝገብ ወይም የተባይ ክስተት ለወረዳ ሪፖርት ማድረግ ግን በሰው ስም የሚፈጸም ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ረዳቱ ለአርሶ አደሩ መልሶ አንብቦለት “አዎ” ሳይባል መላክ የለበትም። ስለ አንድ አጠራጣሪ ቅጠል የጠየቀ ሰው ሳያውቀው ወረዳው የወረርሽኝ ሪፖርት ቢደርሰው፣ የመስክ ቡድን በከንቱ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ ሪፖርትም ሰሚ ያጣል።

እንዲህ ያለውን መመሪያ የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻውን ሊጽፈው አይችልም። የጥማዱን፣ የዋጉን፣ የኖራውን ነገር የሚያውቁት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ናቸው። በዲጂታል ግብርና ስም የሚመጡ ፕሮጀክቶችን “ሥልጠና ወሰድን” ብሎ ከመቀበል በፊት ኃላፊዎች መመሪያውን በአማርኛ አሳዩን ማለት መብታቸው ነው።

መፈተሻውም ከባድ አይደለም። ባለፈው የመኸር ወቅት አርሶ አደሮች በትክክል ከጠየቋቸው ጥያቄዎች ሃያውን፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ለረዳቱ ማቅረብ ነው። ከመልሱ ጎን የትኛውን መሣሪያ እንደጠራ፣ ምን ቀንና ምን ቦታ እንደሞላ የሚያሳየውን መዝገብ ይጠይቁ። መልሱ ትክክል ሆኖ መሣሪያውን ሳይጠራ ከተገኘ በግምት አግኝቶታል ማለት ነው፤ እሱም እንደ ስሕተት ይቆጠር። አንደኛውን መሣሪያ ሆን ብሎ አጥፍቶ መጠየቅም ጥሩ ነው፤ ረዳቱ “ትንበያውን አሁን ማግኘት አልቻልኩም፣ የቀበሌዎን ባለሙያ ያነጋግሩ” ካለ መመሪያው ሠርቷል። መስመሩ በተቋረጠበት ጊዜ ሁሉ ዝናቡን ከነሰዓቱ የሚነግር ረዳት ከሆነ ግን ለአርሶ አደሩ ከመድረሱ በፊት ወደ ሠሪዎቹ ይመለስ።