የእርሳስ ፊደል (ኅትመት)

የእርሳስ ፊደል ከቀለጠ ብረት የሚሠራ፣ በአንድ ጫፉ ላይ የተገለበጠ ሆሄ ጎልቶ የወጣበት ትንሽ ዘንግ ነው። ፊደል ለቃሚ እነዚህን ዘንጎች አንድ በአንድ ደርድሮ ገጽ ያዘጋጃል። ሆሄዎቹ ቀለም ተቀብተው ወረቀት ሲጫንባቸው ጽሑፉ ይታተማል። በዚህ ዘዴ በቃላትና በመስመሮች መካከል የሚታየው ነጭ ቦታም በብረት የተሞላ ነው። ዘዴውን በአውሮፓ የጀመረው የጀርመን ከተማ ማይንዝ ተወላጅ ዮሐንስ ጉተንበርግ ሲሆን፣ ጊዜውም 1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው።

ቅይጡ

ንጹሕ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በማተሚያው ግፊት ቶሎ ይደፈጠጣል። ስለዚህ አንቲሞኒና ቆርቆሮ ይቀላቀሉበታል። አንቲሞኒ ያጠነክረዋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ቅልጡ በቀላሉ ፈስሶ የሆሄውን ቀጫጭን መስመሮች እንዲሞላ ይረዳል። 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቆርቆሮ የያዘ ቅይጥ በ240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ንጹሕ እርሳስ ግን 327 ዲግሪ ይፈልጋል። ለብዙ ጊዜ ለሚያገለግል ፊደል የአንቲሞኒውና የቆርቆሮው መጠን ከዚህ ከፍ ይላል።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ሆሄው በጠንካራ ብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ይህ ብረት መዳብ ላይ ሲመታ ጎድጓዳ የሆሄ ምስል ይተዋል፤ እሱም ማትሪክስ ይባላል። ማትሪክሱ በማፍሰሻው ሥር ይገባና ቅልጡ ይፈስበታል። ማፍሰሻው ከሁለት ተንሸራታች ክፍሎች የተሠራ ስለሆነ፣ እንደ «ሐ» ላለ ሰፊና እንደ «ነ» ላለ ጠባብ ሆሄ ስፋቱን መቀያየር ይቻላል። የዘንጉ ቁመት ግን ለሁሉም ሆሄ አንድ ነው፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ልክ 23.3 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ካጠረ ቀለም አይነካውም፤ ከረዘመ ወረቀት ይበሳል።

በ1886 እ.ኤ.አ. ኦትማር መርገንታለር የፈለሰፈው ሊኖታይፕ በኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ሥራ ጀመረ። ይህ መሣሪያ ሙሉ መስመር በአንድ ጊዜ ያፈሳል። የቶልበርት ላንስተን ሞኖታይፕ ደግሞ እያንዳንዱን ሆሄ ለየብቻ ያወጣል።

የክፍተት ብረቶች

የክፍተት ብረቶች ከፊደሉ ስለሚያጥሩ ቀለም አያገኛቸውም። መለኪያቸው ኤም ነው፤ ይህም ወርዱ ከፊደሉ መጠን ጋር እኩል የሆነ ካሬ ነው። በ12 ፖይንት ፊደል ኤሙ 12 ፖይንት (4.2 ሚሊሜትር ያህል) ሲሆን፣ ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ ሩቡ 3 ፖይንት ይሆናል። በቃላት መካከል ብዙ ጊዜ ሲሶው ይገባል። በመስመሮች መካከል ደግሞ ቀጫጭን የእርሳስ ዝርግ ይደረጋል።

ለቃሚው ሁሉም መስመሮች ትክክል አንድ ርዝመት እስኪኖራቸው ድረስ እነዚህን ብረቶች ያቀያይራል። ገጹ በብረት ክፈፍ ውስጥ የሚያያዘው በዙሪያው ባለው ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር በጥቂቱ እንኳ ቢላላ ሆሄዎቹ ሊወድቁና የሰዓታት ሥራ ሊበተን ይችላል።

የግዕዝ ፊደል

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። የአማርኛ ሆሄያት ከነዝርያዎቻቸው ከ230 በላይ ስለሆኑ፣ ለእያንዳንዱ መጠን የዚያን ያህል ማትሪክስ ያስፈልጋል። የተለመደው ሊኖታይፕ ግን 90 ቁልፎች ብቻ ነበሩት። ቃላትን የሚለያዩት ሁለት ነጥቦችም (፡) እንደ ሆሄ ራሳቸውን ችለው የሚፈሱ ናቸው። በባዶ ቦታ ከሚለይ ጽሑፍ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የቃላት መለያው በወረቀቱ ላይ ይታያል።

ጥንቃቄ

እርሳስ መርዛማ ነው። ብናኙ በእጅ በኩል ከምግብ ጋር ወደ ሰውነት ስለሚገባ፣ ሠራተኞች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን መታጠብና የማቅለጫ ክፍሉን አየር እንዲያገኝ ማድረግ አለባቸው። ርጥብ ብረት ቅልጥ ውስጥ ከገባ ውሃው በቅጽበት ተንኖ ትኩሱን ብረት ይረጨዋል። ስለዚህ ያረጀ ፊደል እንደገና ከመቅለጡ በፊት በደንብ መድረቅ ይኖርበታል።